የጎደለችው አንድ ማንኪያ አፈር

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው ይባላል። እኔ ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም። ግን ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ ባጃጅ ተራው ላይ አንዲት ሴት እጅጌዬን ያዝ አድርጋ «አንቺ፣ የአፈሯ ልጅ አይደለሽም?» ስትለኝ፣ ፍሬን እንደበጠሰ አይሱዙ ስምንት ክረምት ወደ ኋላ ተንደረደርኩ። አሁን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። መንገድ ላይ የሚይዘኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪዬ ይሮጣል። ይህችም ያንኑ ልትለኝ ነው ብዬ እጄን ላስለቅቅ ስል «ዕቃሽ እኔ ዘንድ ነው» አለችኝ።

«የምን ዕቃ?»

«ነይ ብቻ። ቤቴ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ፈንታነሽ እባላለሁ፤ ያኔ ከአክስትሽ ጋር እንተዋወቅ ነበር።»

ፊቷ አልመጣልኝም። ስሟም አልመጣልኝም። «የአፈሯ ልጅ» የሚለው ግን ከነሽታው መጣ፤ ፀሐይ የመታው እርጥብ አሸዋ ሽታ። ዝም ብዬ ተከተልኳት።

ከባጃጅ ተራው እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው መንገድ አሁን ኮብልስቶን ነው። ያኔ ጭቃ ነበር፤ ክረምት ላይ ጫማሽን ውጦ ካልሲሽን ብቻ ይመልስልሻል። ባጃጅ ሦስት ብር ነበር፤ እኔ ሦስቱን ብር ለተጠበሰ ድንች አስቀርቼ በእግሬ እሄዳለሁ። ጥግ ላይ ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ አንዲት የሠርግ ዘፈን ወዶ ቀኑን ሙሉ እሷኑ ይደጋግማል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ሚዜ ሆኖ ከረመ። የዚያን ዓመት ሴት ልጅ ሁሉ ጥቁር ታይት ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሹራብ ትለብስ ነበር። የእኔ ብርቱካናማ ነው፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ አክስቴ በአረንጓዴ ክር ጠቅማዋለች። ያንን ሹራብ ለብሼ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ያንን ሹራብ ለብሼ ነጥብ እንዳልመጣልኝ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አክስቴ ቤት ቁጭ። አክስቴ እትየ ይታይሽ ጠላ ትሸጣለች፤ እኔ እቀዳለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ የሽሬ አውቶቡስ ሲያልፍ አያለሁ። ቁጭ ማለት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ እናቴ «ይችን ልጅ ጉንዳን ላይ ወለድኳት» ትል ነበር።

ሥራው የመጣው በእጅ ጽሕፈቴ ነው። አንድ ቀን አቧራ የጠጣ ላንድክሩዘር በራችን ላይ ቆመ። የመጡት የወንዙን ተፋሰስ ድንጋይ፣ አፈርና ውሃ ሊለኩ ነው፤ ከዳባት በላይ ካሉት ጅረቶች ጀምረው በደባርቅ ዞረው በሊማሊሞ እስከ ቆላው ድረስ። አለቃቸው ዶክተር ሰብለ ትባላለች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ የወንድ ካፖርት የምትለብስ ሴት። በሩ ላይ አክስቴ በከሰል ያስጻፈችኝን «ጠላ አለ» የሚል ካርቶን አየችና «ይሄን የጻፈው ማን ነው?» አለች።

«ምነው፣ ስህተት አለው?» አልኳት። ደረቅ ነኝ፤ ይታወቃል።

«የለውም። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አነበብኩት። ጸሐፊዬ ታማ ተመለሰች። ከረጢት ላይ ቁጥር የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከዳባት በላይ አንድ ጅረት ዳር ወረድን። ዶክተሯ ከቦርሳዋ ቢጫ ሳጥን አወጣች፤ መጠኑ የሬዲዮ ያህል ነው፣ ድምፅ ማውጫም አለው። ሬዲዮ ነው ብዬ ዘፈን ጠበቅሁ። ከፈተችና አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ጠቅ አለ። ዝም አለ። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ዘፈኑ የታለ ልል ስል «ድንጋዩ ነው» አለችኝ።

«ድንጋዩ ምን?»

«ድንጋይ ሁሉ በውስጡ የሚሰነጠቅ ነገር አለው፤ በዓይን የማይታይ። በተሰነጠቀ ቁጥር ትንሽ ጨረር ይወረውራል። ጠቅ ያለው እሱ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምድር ምድር ከሆነች ጀምሮ። ዩራኒየም የሚባለው ግማሹ እስኪያልቅ የምድርን ዕድሜ ያህል ይፈጃል። ግማሹ ገና አለ።»

እኔ ዓለም ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመቷ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዶክተሯ ያለችው ብዙ ዜሮ ነበረው። አልተከራከርኩም። ሁለቱንም ተሸክሜ እስካሁን አለሁ፤ አልተጣሉብኝም። ያን ጊዜ ያስደነገጠኝ ቁጥሩ አልነበረም። ያ ድንጋይ ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ ነው፤ የሳሙና ነጭ ምልክት ነበረበት። ስንት ሴት አንሶላ ስትደበድብበት፣ ባሏን ስታማበት ኖራለች፤ እሱ ከሥሯ ጠቅ ይላል። ደብተሩ ላይ «ቁጥር አንድ» ብዬ ስጽፍ የእጅ ጽሕፈቴ የእኔ አይመስልም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ዞርን። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ዶክተሯ ትለካለች፤ ሾፌሩ አፈር ይቆፍራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ሊማሊሞን ስንወርድ መሣሪያውን እቅፌ ላይ አድርጌ ነበር። በየመጠምዘዣው ጠቅታው እየሳሳ ሄደ። ተበላሸ ብዬ ነካ ነካ ሳደርገው ዶክተሯ ሳቀች። «አልተበላሸም። ከሰማይም ይመጣል። ደባርቅ ላይ ለሰማይ ቅርብ ነን፤ ስንወርድ በላያችን ያለው አየር ይወፍርና ይከልለናል።» በመስኮቱ ቀና ብዬ አየሁ። ገደሉ ከላይ ተቆልሏል፣ ደመናው ወገቡ ላይ ታስሯል፣ የጭነት መኪኖቹ እንደ ጥንዚዛ ይጎተታሉ። እኔ የነፋሱንና የብርዱን ሰማይ ነበር የማውቀው። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ለካ፣ ከላይም ከታችም እየተወረወረብኝ መሐል ላይ ቆሜ ሹራቤ ተቀደደ ብዬ አለቅስ ነበር።

ቁጥር አሥራ ሰባት ከሊማሊሞ በታች ያለች አንዲት መንደር ምንጭ ናት። መንደሯን በስሟ አልጠራትም፤ ሰዎቹ ወሬ አይወዱም። ምንጩ የሚፈልቀው ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ገደሉ ወገብ ላይ ካለች ጠባብ መደብ ነው። ውሃው ጥሩ ነው፤ መንገዱ ነው የሰው ጠላት። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው በዚያ ገደል ይወጣሉ ይወርዳሉ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአያ ሙላት ሚስት ከዚያ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበረች። ምንጩን በቧንቧ ወደ መንደሩ አውርዶ ቦኖ ሊሠራላቸው ቃል የገባ ድርጅት ነበር፤ ነገር ግን ውሃውና አፈሩ ተለክቶ ወረቀት ሳይመጣ አካፋ አላነሣም ብሏል። ለአያ ሙላት የእኛ መኪና ማለት ቦኖው ማለት ነበር። ገና ስንወርድ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመው ጠበቁን።

ገደሉን ወጥተን ዶክተሯ መሣሪያውን መደቡ ላይ አስቀመጠች። ጠቅታው እንደ ሌላው ቦታ አልሆነም። ጥራጥሬ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ እንደሚሰማው ሆነ። አያ ሙላት ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደገቡ ሁሉ።

«ይሄ አባቴም አያቴም የተቀመጡበት ድንጋይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሲናገር ኖሮ ነው እኛ ዝም ያለ የመሰለን? አፍ የሌለውን ሰው ድንጋይ እያልን ስንሰድብ!»

ከኋላቸው ጀሪካን ያዘለች ሴት «አያ፣ የአንቱን ወገብ ቢያስለኩት ደግሞ ከዚህ ይብሳል» አለች፤ ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ክፉ ነው?»

«ድንጋዩ ከሌላው የተለየ ነው። ክፉ ይሁን አይሁን ላቦራቶሪ ሳያየው አልናገርም።»

«ሲያየውስ የሚያልፍ ይመስልዎታል?»

«ሲያየው እነግርዎታለሁ።»

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ሰው ሲጨነቅ «አይዞህ፣ ምንም አይልም» ይባላል፤ እውነትም ውሸትም ሳይሆን እንዲሁ ይባላል። እሷ አላለችም።

አፈሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሰበሰብነውን ሠላሳ አንድ ከረጢት አክስቴ ግቢ አወረድን። ላስቲክ ላይ አስጥተን አደረቅነው፣ ወቀጥነው፣ በወንፊት ነፋነው። ከዚያ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ሞልተን፣ ክዳኑን በነጭ ፕላስተር ሦስት ዙር አሽገን ለአንድ ወር መተው ነው። ዶክተሯ ያስረዳችኝ በአክስቴ ቋንቋ ነው። «እንደ ጠላ ጋን አድርጊው። አፈሩ ውስጥ ጋዝ ይወለዳል። መርገሽ ካልያዝሽው ያመልጣል። ወር ከታሸገ ጋዙም የጋዙም ልጆች ይሞላሉ፤ ያን ጊዜ ነው የሚለካው። በመሐል ከተከፈተ ጋዙ ይወጣና ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ይመጣል።» እኔም እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ፕላስተሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ግማሹ ፕላስተር፣ ግማሹ ዕቃው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ፈረምኩ። ዶክተሯ በወሩ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ሠላሳ አንዱ ዕቃ ጓዳ ውስጥ ከጠላ ጋኖቹ ጎን ተደረደረ። «የአፈሯ ልጅ» የተባልኩት ያኔ ነው። ጠጪው ሁሉ «አፈሩ ደረሰ ወይ? አንድ ብርጭቆ ቅጂልን» ይለኝ ነበር።

በሃያ ስድስተኛው ቀን አቧራ ልጠርግ ገባሁ። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ፊርማዬ አልገጠመም። ላዩ ወደ ግራ፣ ታቹ ወደ ቀኝ። አንድ ሰው ፈትቶ መልሶ ጠቅልሎታል።

«አክስቴ፣ ይሄን ማን ነካው?»

እትየ ይታይሽ አልደነገጠችም እንኳ። «እኔ። አንድ ማንኪያ ነው፤ ከመቼ ወዲህ ነው አፈር የሚቆጠረው?»

«ለምን?»

«ልጅዋ ዲዳ ሆናባት የምታለቅስ ሴት መጣች። ልጅቱ የአራት ዓመት ናት፤ ቤታቸው ላይ መብረቅ ከወደቀ ጀምሮ አፏ ተይዟል። ከገብርኤል ሥር የመጣ አፈር ታሽጎ ቤቴ ተቀምጦ የለም ልበላት? እንኳን ይሄ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እፍኝ አፈር ለእምነት ይወሰድ የለም እንዴ? ደግሞ ተምራ የመጣች ሴት በፕላስተር ያሸገችው ከሆነ ኃይሉ ቢበዛ ነው።»

«እንዳይከፈት ብዬሽ አልነበር?»

«ጠላስ? መርገሽ ትተይዋለሽ፣ ግን ከፈት አድርገሽ ታሸቺዋለሽ። ሳይሸተት የተቀመጠ ጋን ኮምጣጤ ነው።»

ሰፈሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትጠይቁ ከአክስቴ ጋር ነበር የሚፈርደው። ሴትየዋን ማን እንደሆነች ብለምናት አልነገረችኝም። «ምስኪን ናት፤ ሄደሽ ልትጮኺባት ነው» አለች። ያን ቀን ያለቀስኩት ከንዴት ነው። አክስቴ ግን ለመንደሩ ውሃ እንደማለቅስ አድርጋ ለሰው ሁሉ ተናገረች። ያ ነገር ኋላ ላይ የት እንደደረሰ እነግራችኋለሁ።

አሁን ነውሬን ልናገር። ጓዳ ተመልሼ ገባሁ። አሰብኩ። አፈሩ ተከፍቷል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያንሳል። ቁጥሩ ካነሰ ወረቀቱ ያምራል፤ ወረቀቱ ካማረ ቦኖው ይመጣል። እኔም በሥራዬ እመሰገናለሁ፤ ዶክተሯ ምናልባት አዲስ አበባ ትወስደኝ ይሆናል። ማንም አይጎዳም። አዲስ ፕላስተር አውጥቼ ሦስት ዙር ጠቀለልኩ፤ ፈረምኩበት። እውነቱን ለመናገር ፊርማዬ ከመጀመሪያውም አምሮ ነበር።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። አያ ሙላት ሊማሊሞን በእግራቸው ወጥተው፣ አንድ ጠቦት ሸጠው፣ አክስቴ ቤት መጡ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ጎንበስ ብለው በጓዳው በር አጮለቁ።

«የቱ ነው የእኛ?»

«ያ ከላይ ያለው፣ ሦስተኛው።»

«እደጊ። ደህና ታጥቋል።» ጠላቸውን ሁለት ጊዜ ተጎነጩ። «ልጄ፣ መንደሩ ሁለት ሆኗል። ግማሹ የሚጮህ ድንጋይ ውሃ አንጠጣም፣ ልጆቻችን ይጎዳሉ ይላል። እኔ ምን አልኳቸው? እዚያ የምትጽፍ የደባርቅ ልጅ አለች፣ እንደ እኛው ጠላ ቤት ያደገች፤ እሷ ደህና ነው ካለች እንጠጣለን፣ ክፉ ነው ካለች በጥም ብንሞት አንነካውም አልኩ። ይሄንኑ ነው ያልኩት።»

ብርጭቆውን ጨረሱ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሳልፈልግ ነው የወጣው፦

«አያ፣ ተከፍቷል።»

«ምኑ?»

«አፈሩ። አክስቴ አንድ ማንኪያ ቀንሳ ለሰው ሰጠችው። እኔ ደግሞ እንዳልተከፈተ አድርጌ አሸግሁት። ቁጥሩ ያንሳል፤ ያልፍላችኋል፤ ግን ውሸት ነው።»

አያ ሙላት «ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አሉ። የቁጣ አልነበረም፤ የሰውዬው ሚስት ዳሌዋ ተሰብሯል እኮ።

«አንቱ ባይጠይቁኝ ኖሮ ዝም ብዬ ነበር» አልኳቸው።

ለዶክተሯ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የወፍጮ ቤቱ ግንብ ላይ ወጥቼ ነው ያገኘኋት። ነገርኳት፤ ፊርማውንም ጭምር። «ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» አለች።

«ያነሰ ቁጥር ለመንደሩ ጥሩ አልነበረም?»

«ለወረቀቱ ጥሩ ነበር።»

ከዚያ የምሠራውን ነገረችኝ፦ ከዚያው ቦታ አዲስ አፈር፣ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ወር። «አለቀ፣ ከሥራሽ ተሰናብተሻል» ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። «ራስሽ ሂጂ» አለች፤ ይሄ ብቻ።

ከአያ ሙላት ጋር ወረድኩ። ቁልቁለቱን ግማሽ ቀን ስንሄድ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ገደሉ ሥር ስንደርስ ግን ዱላቸውን ሰጡኝ። ብቻዬን ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ ነበር ከኋላ እየገፋ ያወጣኝ፤ አሁን ሴቶቹ የሚይዙትን ሥር እየያዝኩ፣ የሚረግጡትን ጉድጓድ እየረገጥኩ ነው። ጉድጓዶቹ በእግር ብዛት የተቦረቦሩ ናቸው፤ ስንት እናት፣ ስንት የእናት እናት። መደቡ ላይ ስደርስ ደረቴ ይደልቃል። ውሃው ከስንጥቁ እንደ ክር ይወርዳል። ቆላው ከሥሬ እስከ ተከዜ ድረስ ተዘርግቷል፣ ሰማያዊ ሆኖ። መሣሪያው የለኝም፤ ዶክተሯ ይዛው ሄዳለች። ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው። ምንም አይሰማም፤ ውሃውና የራሴ ልብ ብቻ። ግን ያን ጊዜ እዚያ ውስጥ እየተሰነጠቀ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ኖርኩ አልኖርኩ፣ ነጥብ መጣልኝ አልመጣልኝ፣ ማንም ጆሮ ሰጠው አልሰጠው። ከሰው ተለይቼ ያማተብኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አፈሬን ቆፍሬ ወረድኩ።

ሠላሳው ዕቃ በመኪና ሄደ። አዲሱ አሥራ ሰባት ታሽጎ ከእኔ ጋር አንድ ወር ቀረ፤ የተኛሁት አጠገቡ ነው፤ አክስቴ «ባል አገባሽ» ትለኝ ነበር። ወሩ ሲሞላ ራሴ በአውቶቡስ ወሰድኩት፤ እስከ ጎንደር በቅጥቅጥ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ሁለት ቀን፣ እቅፌ ላይ። አጠገቤ የተቀመጡ አባወራ «ማር ነው?» አሉኝ። «አፈር ነው።» ፈቀቅ አሉ። «የማን መቃብር?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማንም አይደለም፤ የሚጠጣ ውሃ ነው» ብላቸው ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ አላናገሩኝም።

ላቦራቶሪው ውስጥ ግድግዳው ወፍራም እርሳስ የሆነ ሳጥን አለ፤ የሰማዩን ጨረር ለመከለል ነው። ዕቃዬን እዚያ ከተቱት። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጥቂት ነጥብ ታየ፤ ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፈው። ሲውል ነጥቦቹ ተቆለሉ። ሲያድር ተራራ ሆኑ። ጠዋት ስገባ ስክሪኑ ላይ ጫፍ፣ ገደል፣ ጫፍ፣ አንዱ ከሁሉ የረዘመ፤ ከአምባራስ ሆነሽ ጎህ ሲቀድ እንደምታዪው የስሜን ተራራ። ዶክተሯ በጣቷ እያሳየች «ይሄ የዩራኒየሙ ልጅ ነው፣ ይሄ ቶሪየም፣ ይሄ ረጅሙ ፖታሲየም፤ አጥንትሽ ሥጋሽ ውስጥም አለ» አለች። እኔ ስሞቹን አልያዝኳቸውም። አንድ ዕቃ አፈር የመጣበትን ተራራ ሲሥል አየሁ።

ቁጥሩ ከሠላሳ አንዱ ሁሉ በላጭ ሆነ። ግን በላጭ ማለት ክፉ ማለት አይደለም፤ ከሚያሰጋው በጣም በታች ነው፤ ውሃውም ንጹሕ ነው። ለአያ ሙላት የነገርኳቸው ራሴ ነኝ፣ በስልክ። «ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የእናንተ ነው፣ ግን ጠጡት» አልኳቸው። «አንቺ ነሽ ያልሽው?» «እኔ ነኝ ያልኩት።» ስልኩ ላይ እልልታ ሰማሁ። ቦኖው ወዲያው አልመጣም፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው ተበተነ፣ ክፉ ዘመን በመሐል አለፈ። እኔም ሁመራ ሄድኩ፣ ጎንደር ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቦኖው ግን መጣ። የዛሬ ዓመት ወርጄ ጠጥቼበታለሁ፤ የአያ ሙላት ሚስት በምርኩዝ መጥታ ራሷ ከፈተችልኝ።

እንግዲህ ከወፍጮው ጀርባ ያለው ቤት ደረስን። ፈንታነሽ ወንበር ሰጠችኝ። ልጅዋ ከትምህርት ቤት ገባች፤ የኔነሽ ትባላለች፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ልጅ፤ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ መምህሩ ምን እንዳለ፣ ማን እንደወደቀ፣ የማን ዶሮ ማን ግቢ እንደገባች፣ አንቺስ ማን ነሽ፣ ቆጣሪ ማንበብ ይከብዳል ወይ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ያን ጊዜ ገባኝ።

«አንቺ ነሽ የወሰድሽው» አልኳት ፈንታነሽን። «አፈሩ አዳናት በይኛ።»

ፈንታነሽ ከአልጋው ሥር ሙዳይ ጎትታ አወጣች። ከሙዳዩ ውስጥ አንድ ቁራጭ ሻሽ፤ በሻሹ ውስጥ ቋጠሮ። ፈታችው። አንድ ማንኪያ አፈር።

«አልሰጠኋትም» አለች። «በወሰድኩ ማግስት አክስትሽ መጥታ አንቺ እንደምታለቅሺ፣ የመንደር ውሃ እንደነበር ነገረችኝ። የስንት ልጅ ውሃ ነጥቄ ለአንዷ ልጄ አላጠጣም ብዬ ቋጠርኩት። ልመልስልሽ ብመጣ ገደል ወርደሻል አሉ፤ ደግሜ ብመጣ አዲስ አበባ። ከዚያ አፈርኩ። ሰው እንዴት አፈር ይዞ ይመጣል?»

«ልጅቷስ?»

«በሦስተኛው ወር ዶሮ ስጥ ስትለቅም አየችና ‹እሽ!› አለች። ይሄው ከዚያ ወዲህ አላረፈችም።»

የኔነሽ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አፈሯን አየኋት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙዳይ ውስጥ፣ በመብረቅ የደነገጠች ልጅ አልጋ ሥር፣ ጠቅ፣ ጠቅ ስትል ኖራለች። ከውስጧ ምንም አልጎደለም። ስምንት ዓመት ለእሷ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ አይሆናትም። የጎደለው የእኛ ዕድሜ ነው።

«ምንድን ነው እሱ? ለምን ይቋጠራል? መድኃኒት ነው? ልንካው?» የኔነሽ አላቆመችም።

ቋጠሮውን መልሼ አሰርኩና ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። «ስሚ» አልኳት።

ዝም አለች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከውጭ ወፍጮው እንኳ የቆመ መሰለኝ። የኔነሽ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«አይሰማም» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«እኔም አይሰማኝም» አልኳት። «አለ ግን።»

ጆሮዋን አላነሣችም።